ድምፅን ነጥሎ መማር፤ ከባንዳ ሊንዳ መለከት እስከ ቄሶቻችን ዜማ

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጆቻችን ዛሬ የድሮ ሙዚቃ የሚለማመዱበት ዘዴ ከኛ ጊዜ የተለየ ነው። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተጫወተውን «ኧረ መላ መላ» ኮምፒውተር ውስጥ ያስገቡና ዘፋኙን ለብቻ፣ ከበሮውን ለብቻ፣ ቤዝ ጊታሩን ለብቻ አውጥተው ይሰሙታል። ዲዘር የተባለው የፈረንሣይ ኩባንያ በ2019 «ስፕሊተር» የሚባለውን ፕሮግራም በነጻ ከለቀቀ ወዲህ ይህ ነገር ለማንም ሰው ቀሏል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ሲጫወት ተሸፍኖ የሚያልፈው ቤዝ፣ ብቻውን ሲሆን አካሄዱ ይታወቃል።

ታዲያ ሐሳቡ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ እንዳይመስላችሁ። ሲምኻ አሮም በ1930 በጀርመን አገር የተወለደ፣ በኢየሩሳሌም የሬዲዮ ኦርኬስትራ ውስጥ ሆርን ይነፋ የነበረ ሰው ነው። በ1963 የእስራኤል መንግሥት የማርሽ ባንድ እንዲያቋቁም ወደ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ላከው። እዚያ የባንዳ ሊንዳ ሰዎች መለከት ሲነፉ ሰማ። እያንዳንዱ ሰው የሚነፋው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዐሥርም ከዚያም በላይ ሆነው በየተራቸው ሲገቡ ግን ሙሉ ሙዚቃ ይወጣዋል። ይህንን በቴፕ ቀድቶ ማን ምን እንደነፋ ለመለየት መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ያገኘው መላ እንዲህ ነበር። አንደኛውን ሰው ለብቻው ቀዳ። ያንን ለሁለተኛው በጆሮ ማዳመጫ እያሰማ የሁለተኛውን በሌላ ቴፕ ቀዳ። የሁለተኛውን ለሦስተኛው እያሰማ፣ እንዲሁ እስከ መጨረሻው። ልብ በሉ! ሰውየው ብቻውን ቢነፋም ጓደኛውን እየሰማ ነው። ካልሰማ መግቢያውን አያገኝም። አሮም ይህን ሥራውን በ1985 በፈረንሳይኛ ትልቅ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ወደ ራሳችን ጉዳይ ስለሚያመጣን ነው። ይኸው ሲምኻ አሮም ከፍራንክ አልቫሬዝ ፔሬይርና ከሾሻና ቤን ዶር ጋር ሆኖ በ1986 በኢየሩሳሌም የቤተ እስራኤል ቄሶችን ጸሎት ቀድቷል። ከእነሱ በፊትም አሜሪካዊቷ ኬይ ካውፍማን ሸለማይ በ1973 በጎንደር፣ አምቦበር ድረስ ሄዳ ቀድታ ነበር። ኦሊቪየ ቱርኒ ዜማውን በኖታ ጽፎና ተንትኖ በ2009 መጽሐፍ አወጣ። በ2019 ደግሞ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የአይሁድ ሙዚቃ ምርምር ማዕከል ቅጂውን በሲዲ አሳተመ።

የኛ ዜማ በጽሑፍ ምልክት የለውም። የክርስቲያኖቹ ደብተራዎች ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከግዕዙ ቃል በላይ የዜማ ምልክት ይጽፋሉ። የኛ አባቶች ግን ከመነኮሳቱና ከቄሶቹ እየሰሙ በጆሮ ነው የያዙት። አንዱ ቄስ ይመራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አንዳንዴ ተቀባዩ መሪው ሳይጨርስ ይገባል። በበዓል ነጋሪትና ቃጭል ሲጨመርበት፣ ላልለመደ ጆሮ ሁሉም አንድ ሆኖ ይሰማል። እዚህ ላይ ፕሮግራሙም ብዙ አይረዳንም። የሰውን ድምፅ ከመሣሪያ ይለያል እንጂ ቄስን ከቄስ አይለይም።

እዚሁ አሽዶድ ከሞሮኮና ከሌላው ሰሜን አፍሪካ የመጡት ጎረቤቶቻችን ምን እንዳደረጉ እዩ። ሙዚቃቸውን የሚጫወተው የእስራኤል አንዳሉስ ኦርኬስትራ በ1994 በዚህች ከተማ ተመሠረተ፤ በ2006 የእስራኤል ሽልማትን ተቀበለ። እኛስ? ለልጆቻችን አማርኛው ራሱ ሁለተኛ ቋንቋ ሆኗል፤ ግዕዙ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ጸሎቱን በአገር ቤት በልጅነታቸው የተማሩት ሽማግሌዎች ደግሞ አንድ በአንድ እያለፉ ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። በሰንበትና በበዓል መቅዳት አይገባምና በአዘቦት ቀን፣ አንድ ቄስ የመሪውን ለብቻ ይበሉልን። ሌላው ቄስ ያንን በማዳመጫ እየሰሙ የተቀባዩን ይበሉ። ነጋሪቱና ቃጭሉም እንዲሁ ለየብቻ ይቀዱ። ለዚህ ሁለት ስልክና አንድ ማዳመጫ ይበቃል። ከዚያ ልጁ የመሪውን ብቻ ከፍቶ፣ በተቀባዩ ቦታ ራሱ እየገባ ይለማመዳል።

በሙያ ትምህርት ቤት ሞተር የተማርነው ፈትተን ነው። ፈትቶ የተወው ሞተር ግን የትም አያደርስም። ልጁም ለብቻው ያጠናውን ይዞ ከቄሶቹ መካከል ካልቆመ፣ ዜማ አጠና እንጂ ጸሎት አልተማረም።

የቆየ ካሴት በቤታችሁ ያላችሁ፣ ቴፑ ሳይበላሽ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጡት። ማን እንደሚመራ፣ በየት አገርና በምን በዓል እንደተቀዳ የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቃችሁ ጻፉበት።

እግዚአብሔር ለቄሶቻችን ዕድሜ ይስጥልን።