ቅኔ ያልቆጠረ የቅኔ መምህር የለም

በአገራችን ስለ መምህራን ሥልጠና ሲወሳ ታሪኩ የሚጀመረው ብዙውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1944 በአዲስ አበባ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ከተከፈተው የአንደኛ ደረጃ መምህራን ማሠልጠኛ ነው። ከዚያ በፊት መምህር የሚወጣበት ሥርዓት ያልነበረ ይመስላል። የቅኔ ቤት ግን ከዚያ በብዙ ትውልድ ቀድሞ መምህር ሲያወጣ ኖሯል፤ ያወጣበት መንገድም ዛሬ በምዕራብ ሸዋ፣ በሸነን፣ በጌዶ፣ በጉደርና በአምቦ ክፍሎች ውስጥ የሚያስፈልገን ነው። የሕፃናትን ምናብ የሚያነቃ መምህር የሚገኘው ስለ ፈጠራ ችሎታ ገለጻ በመስጠት አይደለም። ሠልጣኙ ራሱ የጥበብ ሥራን ቀርቦ ሲመረምርና በእጁ ሲሞክር ነው። ቅኔ ቤት ይህን አውቆ ሠርቶበታል፤ ዘመናዊው ማሠልጠኛ ግን ከነባሩ ትምህርት ሲለይ ይህንንም አብሮ ተወው።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። የቅኔ ተማሪ ግስና አገባብ ያጠናል፤ መምህሩ የሚነግሩትንና የቀደሙ ሊቃውንት የተቀኙትን ይሰማል፤ ምሥጢሩ ሲፈታ ሰሙ (ላይ ላዩ ትርጉም) የትኛው፣ ወርቁ (የተሰወረው ትርጉም) የትኛው እንደሆነ፣ ሁለቱን ያገናኘው ቃል የት እንደተቀመጠ ይከታተላል። ከዚያ ገለል ብሎ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል። መነሻው ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ናት፤ አጭር መሆኗም ቀላል አያደርጋትም፤ አንድ ሙሉ ሐሳብ በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ሁለት መልክ ይዞ መግባት አለበት። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማሉ፣ ካልቀናም እንደገና እንዲቆጥር ይመልሱታል። እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። የሌላ ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ መናገር ነውር ነው። የበረታው ተማሪ ደግሞ ለጀማሪዎች ያስነግራል፤ መምህርነትን የሚለማመደውም በዚሁ ነው። እንግዲህ ማድመጥ፣ መመርመር፣ መሥራትና ማስተማር በአንድ መንገድ ላይ ተራ በተራ የሚመጡ እርምጃዎች ነበሩ፤ ቅኔ ያልቆጠረ ሰው ቅኔ ሊያስተምር አይታሰብም።

አምቦ ለዚህ ክርክር ጥሩ ምስክር አላት። ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ በቦዳ ተወልዶ፣ ከብት እየጠበቀና ግእዝ እየተማረ አደገ። ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒሰስ የጻፈው ተውኔት አፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ለመድረክ በቅቷል። አንድ ባለ ልዩ ተሰጥኦ ልጅ ስለ ትምህርት ቤት ምንም አያረጋግጥም የሚል ይኖራል። ተሰጥኦውን ትምህርት ቤት እንዳልሰጠው ግልጽ ነው። ተውኔት ግን እንደ ግጥም በኪስ ተደብቆ የሚቀር ሥራ አይደለም፤ ቃሉን የሚያጠኑ ሌሎች ልጆች፣ መድረክ፣ የልምምድ ሰዓት፣ ከሁሉም በላይ የልጅ ድርሰት ለመድረክ ይበቃል ብሎ የሚፈቅድ ትልቅ ሰው ይፈልጋል። ጸጋዬም በኋላ በ1971 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲመሠረት እጁን አስገብቷል። ጥበብን ለባለ ተሰጥኦ ብቻ ሳይተው ለትምህርት ማብቃቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ዘመናዊው ሥርዓት ጥበብንና መምህርነትን ወደ ተለያየ ቤት አስገባቸው። የፍቼ ተወላጁ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምሮ ሲመለስ፣ በ1950 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ብዙ ሠዓሊም ወጣበት። የመምህራን ማሠልጠኛዎቹ ግን በሌላ በር የሚገባባቸው ነበሩ። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ ሙዚቃ፣ ሥዕልና ሰውነት ማጎልመሻ ለመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች በአንድ ላይ ተጣመሩ፤ ክፍሉን በሁሉም ትምህርት የሚይዘውም አንድ መምህር ሆነ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በሕይወቱ አንድ ሥዕል ለግማሽ ሰዓት አስተውሎ የማያውቅ ሠልጣኝ በሥዕል ሰዓት ልጆቹን ከሰሌዳ ላይ ባንዲራና አበባ ከማስገልበጥ በቀር ምን ያደርጋል? አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክዋኔና የእይታ ጥበባትን ራሱን የቻለ ትምህርት ማድረጉ በር ይከፍታል፤ በሩን የሚያልፍ መምህር ካልተዘጋጀ ግን የተቀየረው የመጽሐፉ ስም ብቻ ይሆናል።

ቅኔ ቤትን አርአያ ማድረግ ያለፈውን ማስዋብ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ከፊሉም ትክክል ነው። ትምህርቱ የቤተ ክርስቲያን ልጆች፣ ይበልጡንም የወንዶች ነበር፤ የጎጃሟ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሳውም እንደ እሳቸው ያሉ ሴቶች ጥቂት ስለነበሩ ነው። ቃል በቃል መያዝና ቅጣትም አልጠፉበትም። የሚወረሰው ግን አጥሩ ሳይሆን የሥራው ቅደም ተከተል ነው፤ ይህ ቅደም ተከተልም የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ ቋንቋ ንብረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 በኒው ዮርክ የተቋቋመው የሊንከን ማዕከል ኢንስቲትዩት፣ በፈላስፋዋ ማክሲን ግሪን ሐሳብ እየተመራ፣ መምህራንን በክረምት ሰብስቦ አንድን የጥበብ ሥራ ከከያንያን ጋር ያስጠናቸውና ራሳቸውም እንዲሞክሩ ያደርግ ነበር። ከቅኔ ቤት እጅግ ርቆ ሳለ ወደዚያው ሥርዓት መድረሱ መንገዱ የአንድ ባህል አመል እንዳልሆነ ያመለክታል።

ከዚህ የሚከብደው የድህነት ጥያቄ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አቅቷቸው ተገኝተዋል፤ የጅባቷ ሸነን ደግሞ ሙዚየምም ቴአትር ቤትም የላትም። ታዲያ ፊደል ሳይያዝ ስለ ጥበብ ማውራት ቅንጦት አይሆንም? አይሆንም፤ ምክንያቱም ንባብ ራሱ ከምልክት ጀርባ ያለውን የማየት ሥራ ነው። ለምርመራ የሚሆን ሥራም ከደጅ አይጠፋም። በኦሮምኛ ሂቦ (እንቆቅልሽ)፣ ዱርዱሪ (ተረት) እና ጌረርሳ (የጀግንነት ዜማ) አሉ። አንድ ሂቦ ይዞ ጠያቂው ነገሩን በምን እንደሰወረ፣ ፍንጩን የት እንደተወ ማውጣት፣ ቀጥሎም ሠልጣኙ ከራሱ ቀዬ አዲስ ሂቦ እንዲፈጥር ማድረግ ሳንቲም አያስወጣም። የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስኮት ወደ ሸነን ማምጣት ባይቻልም ጥሩ ፎቶግራፉን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያለፈውን፣ የአሁኑንና የመጪውን አፍሪካ ሠዓሊው በምን እንደለየ መጠየቅ ይቻላል።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ኮሌጆች የምረቃ መስፈርታቸውን አንድ እርምጃ እንዲያሻሽሉ ነው። ማንኛውም ዕጩ መምህር ከተግባር ማስተማሩ ጋር ሁለት ነገር ያቅርብ፦ አንድን የጥበብ ሥራ መርምሮ የደረሰበትን፣ እንዲሁም ከዚያ ተነስቶ ራሱ የሠራውን። ሁለተኛው ደካማ ቢሆን ችግር የለውም። የራሱ ሙከራ ሲታረምበት ያየ መምህር የልጅን ያልተጠበቀ መልስ ስሕተት ብሎ ከመሰረዙ በፊት ከየት እንደመጣ ይጠይቃል፤ ምናብን የሚያሳድገው ትምህርትም የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።