ፔኒ፣ ሲኒና የእስር ቤት ጌጥ

በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም አንድ የተጎዳ ሳንቲም አለ። እ.ኤ.አ. በ1903 የወጣ ፔኒ ነው (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ምስል ላይ «ድምፅ ለሴቶች» የሚል መፈክር ፊደል በፊደል ተመትቶበታል። በንጉሥ መልክ ላይ እንዲህ መቀለድ ያሳስር ነበር። ሳንቲሙ ግን ከገበያ አልወጣም። ወርቅ ወይም ብር ቢሆን ባንክ ይሰበስበው ነበር፤ ለአንዲት ፔኒ ማን ይደክማል? ከዳቦ ቤት ወደ መጠጥ ቤት፣ ከኪስ ወደ ኪስ እየዞረ፣ ፖለቲካ አልሰማም ያለውን ሁሉ ያስነብበው ነበር።

የሴቶች የመምረጥ መብት ትግል ቤት ውስጥም ገባ። በ1909 ኤመሊን ፓንክረስት የሚመሩት የታጋዮቹ ማኅበር ለንደን ላይ ትልቅ ኤግዚቢሽን ሲከፍት፣ የሻይ ቤቱ ሲኒዎች መለከት የሚነፋ መልአክ ተስሎባቸው ነበር። ዝግጅቱ ሲያበቃ ሲኒዎቹ ለሽያጭ ቀረቡ። በዚያው ዓመት ከቤት ተነስቶ ፓርላማ ለመድረስ የሚያፋልም የጠረጴዛ ጨዋታም ወጣ። የታጋዮቹን ስብሰባ የማይረግጥ ባል ሻዩን መጠጣቱ፣ ከልጆቹ ጋር መጫወቱ አይቀርም። ከሚታወቁበት የድንጋይ ውርወራ ይልቅ ይህ ብልሃታቸው ይበልጥብኛል።

መልአኩን የሳሉት የኤመሊን ልጅ ሲልቪያ ናቸው፤ አዎ፣ ጣሊያን ሲወርረን በጋዜጣቸው የተሟገቱልን፣ ዛሬ በሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞች ጋር ያረፉት ሲልቪያ ፓንክረስት። እኛ የምናውቀው ብዕራቸውን ነው፤ ብሩሻቸው ብዙም አይወሳም።

ከሆሎዌይ እስር ቤት ለሚፈቱ የማኅበሩ ሴቶች ይሰጥ የነበረውን የደረት ጌጥም የነደፉት እሳቸው ናቸው። ቅርጹ የፓርላማው ምልክት የሆነው የብረት ፍርግርግ በር ነው፤ መሐሉ ላይ የእስረኛ ልብስ መለያ የነበረው ቀስት በማኅበሩ ቀለማት፣ በወይን ጠጅ፣ በነጭና በአረንጓዴ ተሠርቶበታል። መታሰር ለአንዲት ሴት ውርደት ተብሎ በሚቆጠርበት ዘመን እነዚህ ሴቶች እስራታቸውን እንደ ኒሻን ደረታቸው ላይ ሰኩት። ሲልቪያም ደጋግመው ታስረዋል።

ብሪታኒያ በ1918 ዕድሜያቸው 30 ለሞላና የንብረት መስፈርት ለሚያሟሉ ሴቶች፣ በ1928 ደግሞ ከወንዶች እኩል የመምረጥ መብት ሰጠች። ሲልቪያ በ1956 ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡ። በቀጣዩ ዓመት በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት ምርጫ ሲካሄድ ኢትዮጵያውያት ድምፅ ሰጡ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ተመርጠው ፓርላማ ገቡ።