የ120 ክኒን ታሪክ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፤ ታሪክ ሲባል ንጉሥና ጦርነት ብቻ ይመስለናል። ዛሬ ስለ አንድ ክኒን ታሪክ ልጻፍ፤ ነገሩ እኛን ግራናዎችንም ይነካል።

የኤችአይቪ መድኃኒት በ1995 ዓ.ም አገራችን ሲገባ በክፍያ ነበር። የገጠር እናት በሬዋን ሸጣም አትዘልቀውም። በጥር 1997 ዓ.ም በነጻ ሆነ። ነፍሰ ጡሮች ግን ዕድሜ ልክ የሚወሰደውን መድኃኒት ለመጀመር ገና የሲዲ ፎር ቁጥራቸው ወይም ሕመማቸው ይታይ ነበር። ቁጥሩ ስንትም ይሁን፣ ቫይረሱ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ሁሉ እንድትጀምር የተደረገው በ2005 ዓ.ም ነው።

እንግዲህ ዋጋው ከተነሳ ምን ቀረ? ብዙ ሰው "የግንዛቤ ችግር" ይላል። እኔ አልስማማም። እናቶቻችን ክኒኑ ለልጃቸውም እንደሆነ አሳምረው ያውቃሉ። የቸገራቸው የሰው ዓይን ነው። ግራና ሁሉ የሚተዋወቅባት ናት፤ ካርድ ክፍል የጎረቤት ልጅ፣ ወረፋው ላይ የባል ዘመድ አይጠፋም። ስለዚህ ቅርቡን ትተው "ገበያ ነው" ብለው መርሳ፣ ወልድያ፣ አንዳንዷም ደሴ ድረስ ትሄዳለች። (ክኒኑ ነጻ ነው፤ መኪናው ግን ነጻ አይደለም።) ቤት ስትገባ ደግሞ ብልቃጡ እንዳይንኮሻኮሽ ክኒኑን በጨርቅ ቋጥራ ትደብቃለች። ባል ካላወቀ የመዋጫ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። አማት ለእንግድነት ከመጣችማ ያ ሳምንት አለቀ በሉት።

ያ ሩቅ መንገድ ነሐሴ 2013 ዓ.ም ተዘጋ። የሕወሓት ኃይሎች ወልድያን ከያዙ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ባንክ የለ፤ ጤና ተቋማትም ተዘረፉ። እስኪ እናስላው። ባለሙያዎች አወሳሰዱን "ጥሩ" የሚሉት ከወሩ 30 ክኒን ያመለጠው ከሁለት ካልበለጠ ነው። በቀን አንድ ብንል አራት ወር 120 ክኒን ነው! የምታጠባ ከሆነች ደግሞ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ ይበዛል፤ በጡትም ወደ ልጁ ሊያልፍ ይችላል።

እዚሁ ትከታተል የነበረች ቢያንስ የሚያውቃት ባለሙያ ሰፈሯ ውስጥ አለ፤ ቤቱ ሄዳ ታንኳኳለች። ሰው እንዳያያት ደሴ ትመላለስ የነበረችውስ? ለዓመታት የደበቀችውን ጎረቤት በጦርነት መሀል "መድኃኒት አልቆብኛል" ትበለው?

ጤና ባለሙያ የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ ያን ጊዜ እዚሁ አካባቢ የነበራችሁ፤ የማንንም ስም ሳታነሱ ያያችሁትን ጻፉልኝ እስኪ። መድኃኒቱ ከየት ተገኘ? መንገዱ ሲከፈትስ ተመልሰው መጡ?