ሕፃናትና ሥዕለ ትንሣኤ፦ በቤትና በሰንበት ትምህርት ቤት የሚሠሩ ቀላል የሥዕል ሥራዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን!

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደቡብ ጎንደር ሀገረ ስብከት በእስቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ በዐቢይ ጾም መገባደጃ ላይ የሕፃናት ክፍል ልጆችን ሰብስበን «ፋሲካን ሣሉልን» በማለት ወረቀት አደልናቸው። ከተመለሱልን ወረቀቶች አብዛኞቹ ዶሮ፣ በግ፣ ድፎ ዳቦና አዲስ ቀሚስ ነበረባቸው። አንዲት ልጅ ወረቀቱን ሙሉ የያዘ ድስት ሣለች። ከተማ ዘመዶቹ ዘንድ ከርሞ የመጣ አንድ ልጅ ደግሞ ጥንቸልና ቀለም የተቀባ እንቁላል ሣለ። በመጀመሪያ ሳቅን፤ ወረቀቶቹን ደጋግመን ስናያቸው ግን ሳቁ ቀረ። ልጆቹ የሠሩት ጥፋት የለም፤ የሚያውቁትን ፋሲካ ነው የሣሉት። ስለ ጌታችን ትንሣኤ በቃል ነግረናቸዋል፤ በዓይናቸው እንዲያዩት፣ በእጃቸው እንዲዳስሱት ግን አላደረግንም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ወላጆችና የሕፃናት ክፍል መምህራን ከሰሙነ ሕማማት እስከ ዳግም ትንሣኤ ባሉት ቀናት ከልጆች ጋር ሊሠሯቸው የሚችሉ ጥቂት የሥዕል ሥራዎችን ለማሳየት ነው። በክልላችን በርካታ ትምህርት ቤቶች በተዘጉባቸው በእነዚህ ዓመታት እርሳስ የሚጨብጡት በቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ብቻ የሆኑ ልጆች መኖራቸውንም እያሰብን ነው።

እስቴ፣ ስማዳና ጋይንት ይበልጥ የሚታወቁት በዜማ ነው። የድጓው ማስመስከሪያ ቤተልሔም፣ የዝማሬና መዋሥዕቱ ዙር አባ በዚሁ በጋይንት ምድር ይገኛሉ። ስለዚህ የአካባቢው ልጅ ትንሣኤን ገና በእናቱ ጀርባ ታዝሎ በጆሮው ይሰማል። ይሁን እንጂ ዜማው በግእዝ ነውና ትርጉሙ እስኪደርሰው ብዙ ዓመት ይቆያል። ሥዕል ግን ፊደል ላልቆጠረውም ይነበባል። ቤተ ክርስቲያናችን የመቅደሷን ግድግዳ በሥዕል የሞላችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መልመጃና ሥዕለ አድኅኖ

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መለየት ይገባል። ሥዕለ አድኅኖ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት በሚያውቅ ሠዓሊ ተሥሎ፣ በካህናት ጸሎት ተባርኮ የሚሰገድለትና የሚጸለይበት ቅዱስ ሥዕል ነው። ሕፃን በደብተሩ ላይ የሚሠራው መልመጃ ነው። በጸሎት ቦታ ላይ አይሰቀልም፤ ነገር ግን የጌታችንን መስቀልና ትንሣኤ የያዘ ስለሆነ እንደ ማንኛውም ወረቀት መሬት ላይ አይጣልም፤ ሱቅ ሄዶ የስኳር መጠቅለያ አይሆንም። ልጆቹ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ሊሰሙት ይገባል። እኛ ዘግይተን ነው የነገርናቸው፤ በማግሥቱ አንዱ ወረቀት በደጀ ሰላሙ አጠገብ ተረግጦ አገኘነው።

ከመሣል አስቀድሞ ልጆቹን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ሥዕላቱን ማሳየት መልካም ነው፤ ይህ ባይመች የታተመ ሥዕል ይበቃል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የአሣሣል ልማድ ቅዱሳን ሁለቱም ዓይኖቻቸው እየታዩ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ሰይጣንና የክፋት ሰዎች ግን በጎን በኩል፣ አንድ ዓይን ብቻ እየታየ ይሣላሉ። ልጆች ይህን አንድ ጊዜ ከነገሯቸው አይረሱትም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ወደ መቅደስ በገቡ ቁጥር ባለ አንድ ዓይኑን እየፈለጉ ቅዳሴውን እንዳይዘነጉት መጠንቀቅ ያስፈልጋል!

ስለ ቀለም

ባለ ቀለም እርሳስ ያለው ይጠቀምበት። የሌለው ግን አይቅርበት። ከሰል ጥቁር ይሆናል፤ እርድ ቢጫ፣ የተነፋ ቀይ አፈር ቀይ፣ የተወቀጠ ለምለም ቅጠል አረንጓዴ ይሰጣል። የግራር ሙጫ በውኃ አሟሙቶ ከዱቄቱ ጋር መለወስ ቀለሙ ከወረቀቱ እንዳይረግፍ ይረዳል። ጫፉ ተቀጥቅጦ እንደ ጭራ የተበተነ እንጨት ለብሩሽ ይበቃል። በርበሬ ግን ለቀይ ቀለም አይሁን፤ ልጆች እጃቸውን ወደ ዓይናቸው ይወስዳሉና።

የስቅለት ዕለት ሰባቱ ተአምራት

በሰሙነ ሕማማት የሚሠራው የመጀመሪያው ሥዕል ይህ ነው። ጌታችን በተሰቀለ ጊዜ የታዩት ሰባቱ ተአምራት ሦስቱ በሰማይ፣ አራቱ በምድር ናቸው፤ ፀሐይ ጨለመ፣ ጨረቃ ደም ሆነ፣ ከዋክብት ረገፉ፤ ዐለቶች ተሰነጠቁ፣ መቃብራት ተከፈቱ፣ ሙታን ተነሡ፣ የቤተ መቅደስ መጋረጃ ተቀደደ (ማቴ. 27፥45-53)። በወረቀቱ መካከል መስቀል ይሠመራል። በላዩ ሦስቱ፣ በታቹ አራቱ ይደረደራሉ። ለትንንሾቹ መስቀሉን ብቻ ሠርቶ መስጠት፣ ፀሐዩን በከሰል እንዲያጠቁሩ መፍቀድ ይበቃል። ሰባት ልጆች ካሉ ሰባት ቁራጭ ወረቀት ማደልና በኋላ በትልቅ ካርቶን ላይ ማጣበቅም ይቻላል። ከመስቀሉ ግርጌ የአዳም ራስ ቅል የሚሣልበትን ምክንያት ሲጠይቁ ጎልጎታ የራስ ቅል ስፍራ መባሉን፣ የጌታችን ደም በአዳም ላይ መፍሰሱን መንገር ነው። ይህ ሥዕል በዓርብ ዕለት አይሠራ፤ ዓርብ የስግደት ቀን ነው፤ ልጆችም በአቅማቸው ይስገዱ።

ቄጠማውና ርግቧ

በቀዳም ሥዑር ካህናቱ ለምእመናን ቄጠማ ያድላሉ፤ ምእመናንም በራሳቸው ላይ ያስሩታል። ርግብ ለኖኅ ለምለም ቅጠል ይዛ የጥፋት ውኃ መጉደሉን እንዳበሠረችው (ዘፍ. 8፥11)፣ ቄጠማውም የሰው ልጅ ከሞት መዳኑን የሚያበሥር ነው። ልጆች ቄጠማውን ይወዱታል፤ ምን እንደ ሆነ ግን ብዙዎቹ አያውቁም። ስለዚህ ወረቀቱን ለሁለት ከፍለው በአንዱ ወገን መርከቧንና ርግቧን፣ በሌላው ወገን ቄጠማ ያሰሩትን የራሳቸውን ፊት ይሣሉ። ያሰሩትን ቄጠማ በበዓሉ ማግሥት ቆርጠው በሥዕሉ ላይ ቢያጣብቁት ደርቆ ዓመቱን ሙሉ ይቆያል። ቄጠማ በማይገኝበት በባዕድ ሀገር የሚኖሩ ወገኖቻችን አረንጓዴ ወረቀት በቀጭኑ ቀድደው ይጠቀሙ።

የሚከፈተው መቃብር

ከሁሉ ይልቅ ልጆቹ የወደዱት ይህን ነው፤ ለማስተማርም ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ይኸው ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ኮረብታና ዋሻ ይሣላል። ከካርቶን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ክብ ሆኖ የተቆረጠ ክዳን በዋሻው አፍ ላይ ይደረግና በአንድ ጠርዙ በኩል በእሾህ ወይም በመርፌ ቁልፍ ይያያዛል፤ ሲገፉት ወደ ጎን ይዞራል። በዋሻው ውስጥ የሚሣለው የተቀመጠው የተልባ እግር ልብስና ለብቻው የተጠቀለለው የራስ ጨርቅ ብቻ ነው (ዮሐ. 20፥6-7)። የጌታችን ሥዕል በመቃብሩ ውስጥ አይሣልም።

በመጀመሪያው ዓመት እኛ ራሳችን የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነበር። ክዳኑን ገልጠን «እነሆ፣ ድንጋዩ ተነሣና ጌታ ወጣ» አልናቸው። አንድ አባት ከበር ቆመው ይሰሙን ኖሮ ጠርተው፣ «ልጄ፣ ድንጋዩ እስኪነሣ ማን ጠበቀ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የምታስተምረው ጌታችን መቃብሩ እንደ ታተመ መነሣቱን ነው። በኅቱም ድንግልና እንደ ተወለደ፣ በኅቱም መቃብር ተነሣ። በተዘጋ ደጅ ወደ ደቀ መዛሙርቱ የገባ እርሱ ድንጋይ የሚያነሣለት አያሻውም (ዮሐ. 20፥19)። መልአኩ ድንጋዩን ያንከባለለው ሴቶቹ ገብተው ባዶውን መቃብር እንዲያዩ፣ ለዓለምም እንዲመሰክሩ ነው (ማቴ. 28፥1-6)።

ስለዚህ አሠራሩን ለወጥነው። አሁን ታሪኩን ስንነግራቸው ክዳኑ እንደ ተዘጋ ይቆያል። ወታደሮቹ በጎን እየታዩ፣ ባለ አንድ ዓይን ሆነው በሩን ይጠብቃሉ። «ጌታችን አሁን የት አለ?» ብለን እንጠይቃለን። መጀመሪያ «ውስጥ» ይላሉ። «ተነሥቷል» ስንላቸው ክዳኑን እያዩ «መቼ ተከፈተ?» ይሉናል። የምንፈልገው ጥያቄ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ሽቱ ይዘው ሲመጡ፣ ነጭ የለበሰው መልአክ ሲገለጥ ክዳኑን ልጆቹ ራሳቸው ያዞሩታል። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች ትልልቆች የሚከራከሩበትን ትምህርት እንዲህ ይይዙታል።

ድስት የሣለችው ልጅ ድስቷን አልተወችም፤ ከሴቶቹ በአንዷ እጅ ላይ አድርጋ የሽቱ ዕቃ አደረገችው። እኛም አላረምናትም።

የአዳም እጅ

በሥዕለ ትንሣኤ ጌታችን የመስቀል ዓላማ ይዞ፣ ብርሃን ለብሶ፣ አዳምንና ሔዋንን በእጃቸው ይዞ ከሲኦል ሲያወጣቸው ይታያል። ዲያብሎስም ከእግሩ በታች ታስሮ ይሣላል። ይህን ሙሉ ሥዕል ሕፃን ሊሠራው አይችልም፤ እንዲሠራውም አንጠይቀውም። ነገር ግን እጁን በወረቀቱ የታችኛው ክፍል ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን ያሰምር። ይህ የአዳም እጅ ነው እንበለው። ከላይ የሚዘረጋውን፣ የችንካሩ ምልክት ያለበትን የጌታችንን እጅ መምህሩ ወይም ወላጁ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየ ይሣልለት። ልጁም ከታች ያለውን በጥቁር፣ ከላይ ያለውን በቢጫ ይቀባል። አዳም 5500 ዘመን መጠበቁን፣ ይህ የተሠመረው ትንሽ እጅም የአዳም ልጅ እጅ መሆኑን ለመንገር ከዚህ የሚሻል ጊዜ አላገኘንም።

ለዚህ ሥራ የሚስማማው ቀን የአዳም ሐሙስ ነው። በጠቅላላው የትንሣኤ ሳምንት ቀናት የራሳቸው ስም አላቸው፤ ሰኞ ማዕዶት፣ ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ የአዳም ሐሙስ፣ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት፣ እሑድ ዳግም ትንሣኤ። መቃብሩን ለቅዱሳት አንስት ቅዳሜ ማቆየት ይቻላል፤ የእኛ ልጆች ግን እስከዚያ አይታገሡም።

ስለ እንቁላሉ

ጥንቸልና እንቁላል የሣለውን ልጅ አልገሠጽነውም። ጥንቸሏ ከጀርመን ሀገር የተነሣች የሕዝብ ልማድ ናት፤ ከበዓሉ ምሥጢር ጋር የሚያገናኛት የለም። በቀይ ቀለም የተነከረው እንቁላል ግን የግሪክና የሩስያ ኦርቶዶክሳውያን ለፋሲካ የሚያዘጋጁት ስለሆነ በጅምላ ማጣጣል አይገባም፤ የእኛ ሥርዓት አለመሆኑን መንገር ይበቃል። በውጭ ሀገር ያሉ ወላጆች ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት የእንቁላል ሥዕል ይዘው ሲመጡ ከመቅደድ ይልቅ ሌላ ወረቀት ያቅርቡላቸው።

እንቁላል መሣል የሚወድ ልጅ ካለ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችንም እንቁላል አለ። በጉልላቱ መስቀል ላይ የሚደረገው የሰጎን እንቁላል ነው። ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ እንደማታነሣ፣ እግዚአብሔርም ከሰው ልጅ ላይ ጥበቃውን እንደማያነሣ አባቶች በዚያ ያስተምራሉ። ቤተ ክርስቲያን በምትባለው ዓርብ ልጆቹን ወደ ዐፀዱ አውጥተን ጉልላቱን እያዩ የአጥቢያቸውን ቤተ ክርስቲያን እንዲሥሉ እናደርጋለን። ጥንቸሏን የሣለው ልጅ አንገቱን አቅንቶ የሰጎኑን እንቁላል ቆጥሮ ሲጨርስ ከሁሉ ኋላ ቀረ።

የተሠሩት ወረቀቶች እስከ ዳግም ትንሣኤ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይቆዩ፤ ወላጆችም ከቅዳሴ በኋላ ገብተው ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ ሥዕሉን በንጹሕ ጨርቅ ወይም በደብተሩ መካከል አድርጎ ወደ ቤቱ ይውሰድ። አርጅቶ የተቀደደውን ሰብስቦ በንጹሕ ቦታ ማቃጠል ወይም መቅበር ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።