ፍሳሽ በማን መለኪያ ይለካ?

የአሜሪካ ኮንግረስ በጥቅምት 1972 (እ.ኤ.አ.) የፕሬዚዳንት ኒክሰንን ተቃውሞ ሽሮ የንጹሕ ውሃ ሕግን ሲያጸድቅ፣ ብዙ የማይወራላት አንዲት ንዑስ አንቀጽ በውስጡ ነበረች። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በፍሳሽ ውስጥ ያሉ በካዮች የሚለኩባቸውን ዘዴዎች በደንብ እንዲያወጣ ታዛለች። ኤጀንሲው በዓመቱ የመጀመሪያውን የጸደቁ ዘዴዎች ዝርዝር አወጣ። ትእዛዙ ያለ ምክንያት አልመጣም። ሕጉ የቆመው ፍሳሽ የሚለቀው ድርጅት ራሱ ናሙና ወስዶ፣ ራሱ አስመርምሮ፣ ውጤቱን ራሱ ሪፖርት በሚያደርግበት አሠራር ላይ ነው። ዘዴውንም ራሱ ይምረጥ ቢባል ውጤቱን መምረጥ ይሆንለት ነበር።

ነገሩ ግን ከዚያ በፊት በብሪታንያ ይጀምራል። በ1898 የተቋቋመው የፍሳሽ አወጋገድ ንጉሣዊ ኮሚሽን በ1912 ባወጣው ስምንተኛ ሪፖርቱ ለፍሳሽ ልክ አበጀ። ናሙናው በ65 ዲግሪ ፋራናይት ለ5 ቀን ሲቀመጥ፣ ረቂቅ ተሕዋስያን ቆሻሻውን ሲያብላሉ የሚፈጁት ኦክስጅን በሊትር ከ20 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። ዛሬ ቢኦዲ የምንለው መለኪያ ይህ ነው። ቆሻሻው በ5 ቀን ተብላልቶ አያልቅም፤ ናሙናው 10 ቀን ቢቆይ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቢኦዲ የቀኑ ብዛትና የሙቀቱ መጠን በስምምነት ካልታሰሩ ትርጉም የለውም። ሙቀቱ ኋላ ላይ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆነ እንጂ አምስቱ ቀን በብዙ አገር እስከ ዛሬ አልተነካም፤ የኢትዮጵያ የኢንዱስትሪ ፍሳሽ ደረጃዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው።

የዘይትና የቅባት ምርመራም እንዲሁ ነው። «ቅባት» ተብሎ የሚመዘገበው ማሟሚያው ከውሃው አሟሙቶ ያወጣው ነገር ሁሉ ነው። ቀድሞ ማሟሚያ የነበረው ፍሪዮን ኦዞንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት ሲታገድ፣ የአሜሪካው ኤጀንሲ በ1999 በሄክሴን ተካው። ሁለቱ ማሟሚያዎች የሚያወጡት መጠን ምን ያህል እንደሚቀራረብ አስቀድሞ በንጽጽር መታየት ነበረበት፤ አለዚያ በፍሳሽ መልቀቂያ ፈቃዶች ላይ የተጻፉት ልኮች በሙሉ ይናጉ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጨኝ የሜርኩሪ ታሪክ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ኤጀንሲው ጨዋማ ባልሆነ ውሃ ለሚኖሩ ፍጥረታት ያወጣው የሜርኩሪ ልክ በሊትር 12 ናኖግራም ነበር። በጊዜው የጸደቀው ዘዴ ግን ከ200 ናኖግራም በታች አያይም። በልኩ ላይ አሥር እጥፍ የጨመረ ፋብሪካ ናሙናውን በሕጋዊ መንገድ አስመርምሮ «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይቀበላል። ሜርኩሪው ግን በወንዙ ግርጌ መልኩን ለውጦ፣ ከትንሽ ዓሣ ወደ ትልቅ ዓሣ እየተጠራቀመ ሰው ማዕድ ላይ ይደርሳል። «አልተገኘም» የሚለው ቃል «የለም» ተብሎ ሲነበብ ኖረ።

ክፍተቱን ለመዝጋት የሚበቃው በ1999 የጸደቀው ዘዴ 1631 ነው። ሜርኩሪውን በጋዝ ገፍቶ የወርቅ ወጥመድ ላይ ያስይዘዋል፤ ከዚያ አሙቆ ይለቀውና በጨረር ይለካዋል። እስከ 0.2 ናኖግራም ያያል። ይህን ያህል የሚያይ ዓይን ደግሞ የናሙና ወሳጁንም እጅ ያያል። ስለዚህ ናሙናው በሁለት ሰው ይወሰዳል። ጠርሙሱ በድርብ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነው። «ቆሻሻ እጅ» የተባለው የውጭውን ከረጢት ይከፍታል፤ «ንጹሕ እጅ» የተባለው የውስጡን ከፍቶ ጠርሙሱን ያወጣል፣ ከእሱ በቀር ጠርሙሱን የሚነካ የለም። ጥርሱን በሜርኩሪ ቅይጥ ያስሞላ ሰው ናሙናው ላይ እንዳይተነፍስ ይጠነቀቃል።

ኢንዱስትሪዎች ዘዴውን ፍርድ ቤት አቀረቡት። ሆን ተብሎ ሜርኩሪ ሳይኖርበት ከተዘጋጀ ባዶ ናሙና ራሱ ሜርኩሪ ሊወጣ ከቻለ፣ «አየሁ» የሚለው ላቦራቶሪ በምን ይታመናል? የሚል ነበር የክርክሩ ፍሬ። ጥያቄው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። በ2000 በስምምነት አለቀ፤ ኤጀንሲውም የማወቂያ ወሰን፣ ማለትም አንድ ዘዴ በእርግጥ ሊያየው የሚችለው ዝቅተኛ መጠን፣ የሚሰላበትን አካሄድ ዳግም ሊመረምር ቃል ገባ። ምርመራው ረጅም መንገድ ሄዶ በ2017 ፍሬ አፈራ፦ የባዶ ናሙናዎች ውጤት በስሌቱ ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። ከዚያ በፊት በ2014 የወጣ ደንብ ደግሞ ፈቃድ ጠያቂውም ባለፈቃዱም ከጸደቁት ውስጥ ልኩን ለማየት የሚበቃውን ዘዴ እንዲጠቀሙ አስገደደ። የዚያ ደንብ ከዘዴ 1631 በኋላ 15 ዓመት መዘግየት ለዓሣ በሊው ቀላል አልነበረም።

አሁን ተራው የፒፋስ ነው፤ በማይጣበቅ መጥበሻና በእሳት ማጥፊያ አረፋ የምናውቃቸው፣ በተፈጥሮ በቀላሉ የማይፈርሱ ኬሚካሎች። ከእነዚህ 40ውን የሚለካው ዘዴ 1633 በጥር 2024 ተጠናቅቆ ወጣ፤ በጸደቁት ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ የቀረበው ረቂቅ ደንብ ደግሞ በጥር 2025 ታተመ። ለአንድ በካይ የጸደቀ ዘዴ በሌለበት ጊዜ፣ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የሚሠራበትን ዘዴ በፈቃዱ ላይ በስም ጽፎ ማስገደድ ይችላል። ኤጀንሲው ገና ዘዴው ረቂቅ ሳለ፣ በታኅሣሥ 2022፣ ግዛቶች ይህንኑ እንዲያደርጉ መክሯል።