ጥበብና ንግድ የተገናኙበት የተማሪዎች ውድድር

በአሜሪካ አገር ወጣቶችን ለሥራ የሚያነቃቁ ማኅበራት ከተቋቋሙ ብዙ ዘመን ቢሆናቸውም፣ ጥበብና ንግድ ለረጅም ጊዜ በየራሳቸው ጎዳና ሲሄዱ ኖረዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1919 የተመሠረተው ጁኒየር አቺቭመንት ወጣቶች አነስተኛ ኩባንያ አቁመው የእጃቸውን ሥራ እየሸጡ ንግድን በተግባር እንዲማሩ ሲያደርግ፣ ሳይንስ ሰርቪስ የተባለው ድርጅት ደግሞ ከ1942 ጀምሮ በዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ረዳትነት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ምርምር እየመዘነ ይሸልም ነበር፤ ነገር ግን ነጋዴውን ልጅ ስለ ምርምር፣ ተመራማሪውንም ልጅ ስለ ገበያ አጥብቆ የሚጠይቀው አልነበረም።

ሁለቱ ጎዳናዎች የተገናኙት በዩኒቨርሲቲ ነው። በ1984 በኦስቲን ከተማ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ተማሪዎች፣ የሕግ ተማሪዎች በልምምድ ችሎት ፊት ቆመው የሚከራከሩበትን ሥርዓት አብነት አድርገው፣ የወጠኑትን ኩባንያ በዳኞች ፊት የሚያስረዱበትን ውድድር ጀመሩ። በ1990ም የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የምህንድስናና የንግድ ተማሪዎች ተባብረው 10,000 ዶላር የሚያሸልም ውድድር አቆሙ፤ ሽልማቱም በ1996 ወደ 50,000፣ በ2006 ወደ 100,000 ዶላር ከፍ አለ።

በዚህ ውድድር ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የ1998ቱ ነው። የሒሳብ ሊቁ ቶም ሌይተንና ደቀ መዝሙራቸው ዳንኤል ሌዊን፣ የዓለም አቀፉ ድር ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ አስቀድመው የተመለከቱትን የኢንተርኔት መጨናነቅ ለማቃለል ሲመራመሩ ቆይተው ነበር። አገር ሁሉ እንስራውን ይዞ በአንድ ምንጭ ላይ እንደሚጋፋ፣ አእላፍ ሰዎች አንድን ገጽ ከአንድ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ ሲጠይቁ መንገዱ ይታፈናል። እነርሱም ከባልደረቦቻቸው ጋር ገጾቹን ለብዙ ኮምፒዩተሮች የሚያከፋፍል፣ አንዱ ቢበላሽ ወይም አዲስ ቢጨመር ከጥቂቶቹ በቀር የቀሩት ገጾች ከተመደቡበት እንዳይናወጡ የሚያደርግ ስልት አግኝተው፣ በ1997 ለሊቃውንት ጉባኤ በጽሑፍ አቀረቡት።

በሊቃውንት ዘንድ የሒሳቡ ማስረጃ ይበቃል፤ የንግድ ዕቅድ ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣል። ይህን የሚገዛው ማን ነው? ስንትስ ይከፍላል? ኮምፒዩተሮቹ የት የት ይተከላሉ? እስኪያተርፉስ ድረስ ወጪው በምን ይሸፈናል? ስለዚህ የሒሳብ ሰዎቹ ከንግድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጋር አንድ ቡድን ሆነው ተወዳደሩ። ከመቶ ያህል ተወዳዳሪዎች መካከል ለመጨረሻው ዙር ከበቁት ስድስት ቡድኖች አንዱ ለመሆን ቢደርሱም፣ የመጀመሪያውን ሽልማት አላገኙም። ሆኖም በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር አካማይ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ፤ ሌዊንም በ2001 በአሜሪካ ላይ በደረሰው የሽብር አደጋ በ31 ዓመቱ ሕይወቱ ቢያልፍም፣ የመሠረተው ኩባንያ እስከ ዛሬ የዓለምን የኢንተርኔት ጭነት ከሚሸከሙት ታላላቆች አንዱ ሆኖ ይኖራል።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ውድድር የሚዘጋጅ ተማሪ፣ ገና ወረቀቱን ሳይጀምር፣ እርሱ የማያውቀውን የሚያውቅና ያልገባውን ነገር በይሉኝታ የማያልፍ ባልንጀራ ይፈልግ፤ ዳኞች ፊት የሚቆመው ለአንዲት ሰዓት ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ከባልንጀራው ጋር የሚመረምረው ጥያቄ ግን ሽልማቱ ለሌላ ቢሰጥ እንኳ ሥራውን የሚያጸና መሠረት ይሆነዋል።