ጠገራ ብርና አንጥረኞች

ጠገራ ብር (ማርትሬዛ) የኦስትሪያዋ ገዥ የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የብር ገንዘብ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። እሷ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላም ይኸው ዓመት ሳይለወጥ ሲታተም ኖሯል።

ለኢትዮጵያ አንጥረኛ ከገንዘብነቱ ይልቅ ጥሬ ዕቃነቱ ይበልጣል። ብሩን በከሰል ፍም ላይ ወናፍ እየነፋ ያቀልጠዋል፤ ቀጥቅጦ ያሳሳዋል ወይም በቀዳዳ ብረት እየሳበ እንደ ክር ያቀጥነዋል። ድሪው፣ አምባሩ፣ አልቦው፣ ጉትቻው ከዚሁ ይወጣል። ሳይቀልጥ በቀጥታ ከጠገራው ተቆርጠው የተሠሩ የአንገት መስቀሎችም አሉ፤ በአንዳንዶቹ ላይ የሴትዮዋ ፀጉርና የልብሷ እጥፋት ዛሬም ይታያል። ከአንጥረኛው ሥራ ሁሉ የሚደንቀው ይህ ነው።

የፈረንሳይ ብር አንጣሪዎች ለመኳንንት ገበታ መቅረዝ ሲሠሩ፣ የእኛዎቹ ጥበብ ያረፈው በመስቀልና በሴቶች ጌጥ ላይ ነው። የፓሪስ እጅ ግን እዚህም ደርሷል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ያስመቱት ብር ቅርጹ የፈረንሳዊው ዣን ላግራንዥ ነው። ሆኖም ሕዝቡ ለረጅም ጊዜ ጠገራውን መረጠ።

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የሰርግ ጌጥ ፈላጊዎች ሲሄዱ የኖሩት ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ነው።